ዝዮቹ በዝተዋል፣ ረግረጉስ? ለጅማ ከተማ አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጅማ ከተማ አስተዳደር
ግልባጭ፦ ለከተማችን ነዋሪ በሙሉ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ የዝይ ወሬ በዝቷል። ቦዬ ረግረግ ላይ ያያቸው አለ። አዌቱ ወንዝ ዳር በማለዳ ሲግጡ ያያቸው አለ። አሰንዳቦ አካባቢ በጊቤ ግድብ ውሃ ላይ ተሰብስበው ያገኛቸው ደግሞ ፎቶውን በየስልኩ እያዞረው ነው። "ዘንድሮስ በዝተዋል፣ ጉድ ነው" ይላል አንዱ። ሌላው "ተፈጥሮ ወደ ጅማ ተመለሰች" ብሎ ይለጥፋል። ረግረጉ ዳር ጎመን የተከለው ሰው በበኩሉ "ኧረ አንድ በሉን" እያለ ነው።

ደስታውም ምሬቱም እናንተ ዘንድ መድረሱ አይቀርም። እኔን ያሰጋኝ ከደረሰ በኋላ የሚሆነው ነው። ደስታው ሲደርስ "እንግዲያው ረግረጉ ደህና ነው" ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ምሬቱ ሲደርስ ደግሞ "ይባረሩ" ይባላል። ሁለቱም አያስኬድም። ዝይ ስለበዛ ውሃው ደህና ነው ማለት አይደለም። ዝይ ስለበዛ ጠላት መጣ ማለትም አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ወፉ እናውራ፤ ሳናውቀው ስንፈርድበት ቆይተናልና።

አብዛኞቻችን የምናየው የግብፅ ዝይ የሚባለውን ነው። ስሙ የግብፅ ይሁን እንጂ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ሰፊ ቦታ ይገኛል፤ የእኛም አገር ነባር ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ከሌላው ለመለየት አይቸግርም። የዓይኑን ዙሪያ ቡናማ ቀለም ከቦታል፤ ተኩሎ አድሮ ኩሉ የተበተነበት ይመስላል። ደረቱ መሀል ላይ ሌላ ቡናማ ምልክት አለ። አንገቱን አቀርቅሮ ሲግጥ ልብ የማይባል ወፍ ነው። ተነስቶ ክንፉን ሲዘረጋ ግን ሰፊ ነጭ ቀለም ብልጭ ይላል። ጩኸቱ የሴቷ ነው፤ ወንዱ የሚያወጣው የታፈነ፣ ሽው የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት። ጫጩት ሲኖራቸው ደግሞ ውሻም ይምጣ ጥጃ ፊት ለፊት ይገጥሙታል።

አስቸጋሪ ነገር የለውም፤ የተገኘውን ይቀበላል። ዛፍ ላይ ክፍተት ካገኘ እዚያ ይጥላል። ሌላ ወፍ ትቶት የሄደ ትልቅ ጎጆ ካገኘ ይወርሰዋል። ካላገኘ መሬት ላይ ሣር ውስጥ ይሠራል። ሴቷ ከ5 እስከ 12 እንቁላል ትጥላለች፤ ለ28 ወይም ለ30 ቀን ትታቀፋለች። ጎጆው ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ከሆነ ጫጩቶቹ ገና ሳይበሩ ዘለው መሬት ይወርዳሉ፤ ከዚያ ወላጆቻቸውን ተከትለው ወደ ውሃ ነው። ምግቡ ሣር፣ ቡቃያ፣ ዘር፣ የቃርሚያ እህል ነው። ከብት የጨረሰው አጭር ሣር ይስማማዋል። የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ሲይዝም አይጠየፈውም።

እንዲህ ዓይነት ወፍ ስለ ረግረጉ ጤና ምስክር ሊሆን አይችልም። ረግረጉ ሲጎዳም ሊበዛ የሚችል ወፍ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ፎቶውን "ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ብርቅዬ ዝይ" እያሉ የሚለጥፉ አሉ። ያ ሌላ ነው። ብርቅዬው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ነው። እሱ የደጋ ወፍ ነው፤ የባሌ ተራሮችና አዲስ አበባ አጠገብ ያለው ገፈርሳ የታወቁ ቦታዎቹ ናቸው። ላባው ጠጉራም መስሎ የወፈረ ነው፤ ለብርድ የተሠራ ማለት ይቻላል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከተማው ውስጥ እሱን ከመጠበቅ ሱሉልታ ሄዶ መፈለግ ይቀላል። ሦስተኛው ባለ እሾህ ክንፍ ዝይ የሚባለው ነው። ጥቁር፣ እግሩና ፊቱ ቀላ ያለ፣ ግዙፍ ወፍ ነው። ወንዱ ከ6 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ክንፉ ላይ እውነተኛ እሾህ ስላለው ልጆች እንዳይጠጉት ንገሯቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ለምን በዙ ወይም ለምን የበዙ መሰሉን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ክረምት ላይ ውሃ የትም አለ። ማሳው ውሃ ይይዛል፣ መንገድ ዳር ውሃ ይይዛል፣ ጨፌው ሁሉ ውሃ ነው። ወፉም በዚያ ሁሉ ይበተናል። ከኅዳር በኋላ ይህ ሁሉ ይደርቃል። ያኔ ተበትኖ የነበረው ሁሉ ውሃ ወደቀረበት ወደ ቦዬ፣ ወደ ኪቶ ረግረግ፣ ወደ ጊቤ ይሰበሰባል። እኛ ደግሞ በበጋ ነው ወጣ ብለን የምናይ። ስለዚህ "በዙ" የምንለው ብዙ ጊዜ "ተሰበሰቡ" ነው። የሚሰበሰቡበት ቦታ በየዓመቱ እየጠበበ ከሄደ ደግሞ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ በየዓመቱ የበዙ ይመስላሉ። ይህን ነው በደንብ እንድታዩልኝ የምፈልገው።

ሌላም አለ። ዝይ በዓመት አንዴ የክንፉን የመብረሪያ ላባ በአንድ ጊዜ ያራግፋል። አዲሱ እስኪያድግ ለተወሰኑ ሳምንታት መብረር አይችልም። በዚያ ወቅት ከቀበሮና ከውሻ ለማምለጥ ሰፊ ውሃ ላይ በብዛት ይከማቻል። በዚያ ሰሞን ግድቡን ያየ ሰው የአካባቢው ዝይ ሁሉ አንድ ላይ ቢታየው አይፈረድበትም።

ግልገል ጊቤ ራሱም ለውጥ አምጥቷል። ግድቡ ሥራ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ወንዝና ሜዳ የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ ሐይቅ ሆኗል። ውሃው በበጋ ሲሸሽ ዳር ዳሩን ለምለም ሣር ይበቅላል። ለዝይ ከዚህ የተሻለ ድግስ የለም። ዙሪያውን በቆሎና ጤፍ ይዘራል፤ አጨዳ ሲያልቅ ቃርሚያ አለ። እንግዲህ በእውነት የተጨመሩ ዝዮችም ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለቱን የሚለይልን በየዓመቱ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መንገድ የሚደረግ ቆጠራ ብቻ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ስለዚሁ ወፍ ስትፈልጉ የምታገኙት ነገር ያስደነግጣችሁ ይሆናል። አውሮፓውያን ይህን ወፍ ለመናፈሻ ሐይቆቻቸው ጌጥ ብለው ወስደውት ነበር፤ እንግሊዝ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ። አምልጦ በራሱ ተራባ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በፍጥነት ተስፋፋ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ከወራሪ መጤ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ስለዚህ ማባረሪያ ዘዴው፣ እንቁላል ማጥፊያ ዘዴው ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። ያ የእነሱ ጣጣ ነው። እዚያ መጤ ነው፤ እዚህ ባለአገር ነው። አንድ ባለሙያ ከዚያ ገልብጦ "የዝይ ቁጥጥር ዕቅድ" ቢያመጣላችሁ እባካችሁ በትህትና መልሱለት።

እውነተኛውን ምስክር ከፈለጋችሁ ዝዩን ትታችሁ ክሬኗን ጠይቁ። ራሷ ላይ የወርቅ ዘውድ የደፋችውን፣ ረጅም እግሯን እያነሳች በጨፌው ውስጥ የምትራመደውን ማለቴ ነው። ጅማ ዙሪያ ያሉ ረግረጎች ከሚታወቁባቸው ወፎች አንዷ ናት። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብላ ተመዝግባለች። እሷ እንደ ዝዩ የተገኘውን አትቀበልም። የምትሠራው ጎጆ ውሃ መሀል፣ ቁመቱ ያደገ ቄጠማና ሣር ውስጥ፣ ሰውና ከብት በማይረግጠው ቦታ ነው። ቄጠማው ከታጨደ፣ ውሃው በቦይ ከወጣ፣ ከብት ከገባ፣ ትታው ትሄዳለች። አንድ ሜዳ ላይ ዝይ እየበዛ ክሬን እየጠፋች ከሆነ ያ ሜዳ ረግረግነቱ እያለቀ፣ ግጦሽነቱ እየጀመረ ነው።

እና ሜዳው እንዲህ እየሆነ ነው ወይ? ከአዲስ አበባ መንገድ ወደ ከተማ ስትገቡ በመስኮት አይታችሁ መፍረድ ትችላላችሁ። ቦዬ ዳር ባህር ዛፍ እየገባ ነው። ባህር ዛፍ ውሃ እንደሚጠጣ ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ብዙዎች የሚተክሉት እርጥብ መሬታቸው እንዲደርቅላቸው ጭምር ነው። በሌላ በኩል ጭቃው ለጡብ ይቆፈራል። ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ጡብ ይፈልጋል፤ ጡብ የሚሠራው ወጣትም እንጀራው ነው። ተቆፍሮ ሲያልቅ ጉድጓዱ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ሰውየው ቀጥሎ ያለውን ይቆፍራል። የጡብ መተኮሻው የሚነደው በዚያው ባህር ዛፍ ነው። አንዱ ሌላውን እየጠራ ረግረጉ ከሁለቱም ጫፍ ይበላል።

"ረግረግ ወባ ያመጣል፣ ቢደርቅ ይሻላል" የሚል ሰው ብዙ ነው። ተሳስቷል ብዬ አላልፈውም፤ ጅማ የወባ አገር ናት፣ ፍርሃቱ ከልምድ የመጣ ነው። ግን ዋናዋ የወባ ትንኝ የምትወደው ትንንሽ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ዕፅዋት የሌለበት ውሃ ነው። ይህ መልክ የማን ነው? የጡብ ጉድጓዱ፣ የከብት ኮቴ ጉድጓዱ ነው። ቄጠማው የበዛበት፣ ዓሣና የውሃ ነፍሳት ያሉበት ጥልቅ ረግረግ ለእሷ እንዲህ አይመቻትም። ረግረጉን ቆፍረን ጉድጓዱን ክፍት መተው ወባን መቀነሻ ሳይሆን ማርቢያ ነው።

ቄጠማውን ካነሳን አይቀር፣ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ላይ የሚሸጠው ቄጠማ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? ቡና ሲፈላ ወለሉ ላይ የምንጎዘጉዘው፣ ለአውደ ዓመት ቤቱን የምናለመልምበት ከእነዚሁ ጨፌዎች ታጭዶ ነው። በሸክም አምጥተው የሚሸጡ እናቶች አሉ። በልክ የታጨደ ቄጠማ መልሶ ይበቅላል። የተቆፈረ መሬት ግን አያበቅልም። የቡና አገር ነን እያልን ለቡናው ጉዝጓዝ አጥተን የፕላስቲክ ሣር ማንጠፍ መጀመራችን ያሳፍራል፤ አንዳንድ ቤት ተጀምሯል።

ደግሞ የአዌቱ ነገር አለ። አዌቱ ከተማውን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ሲያልፍ የእኛን እጣቢ፣ የእኛን ፍሳሽ፣ የጣልነውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ከዚያ ረግረጉ ይቀበለዋል። ውሃው እዚያ ይዘገያል፣ ደለሉ ይረጋል፣ ቄጠማው ከቆሻሻው የሚችለውን ያህል ይመጠዋል። ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ይቀጥላል። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ያው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ አልፎ ጊቤ ሁለት ላይ እንደገና ይሠራል፤ የዚያኛው አቅም 420 ሜጋ ዋት ነው። ደለል የግድብ ጠላት መሆኑን መሐንዲሶቻችሁ ይነግሯችኋል። እንግዲህ ቦዬ ላይ የሚቀር እያንዳንዱ የጭቃ ጭነት ግድቡ ውስጥ የማይገባ ነው። ማንም ደሞዝ የማይከፍለው ማጣሪያ አለን፤ እሱንም ለጡብ እየሸጥነው ነው።

ገበሬውን እንዳልረሳሁት እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ወፍ የሚወድ ሰው ገበሬ ላይ መፍረድ ይቀናዋል። ማታ ለምልሞ ያደረ ቡቃያ ጠዋት በዝይ ተግጦ ሲገኝ የሚያመው ባለቤቱን ነው። ልጁ ትምህርት ቤት መሄድ ሲገባው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው እሱ ነው። በአገራችን ዝይ የማደንና የመብላት ልማድ እምብዛም ስላልነበረ ወፉ ሰው አይፈራም፤ ይህ ለእኛ ኩራት፣ ለባለ ጎመኑ ግን ጣጣ ነው። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መግደል በሕግ ክልክል ነው። ግን "ክልክል ነው" ብሎ ትቶ መሄድ ደግሞ መርዝ የተቀባ እህል ይጋብዛል። መርዝ የተበተነ ቀን የሚሞተው ዝይ ብቻ አይደለም፤ ዶሮውም ውሻውም ከዚያ ውሃ የሚጠጣው ከብትም አለ። የግብርና ባለሙያዎቻችሁ መስክ ወርደው ያስረዱ። ዝይ በእግሩ እየሄደ መጋጥ ይወዳል፤ ከውሃው ወደ ማሳው የሚያስገባው በኩል ረዘም ያለ ሣርና ቁጥቋጦ ካለ፣ ወይም ዝቅ ያለ አጥር ካለ፣ ይከብደዋል። ሥጋት አድብቶ የተቀመጠ ስለሚመስለው ማየት የማይችልበት ቦታ አይገባም። ዳሩን እስከ ውሃው አፍ ድረስ ስናርስ ግን በሩን ራሳችን ከፈትንለት።

ይኸው ነገር ከተማ ውስጥም ይሠራል። በኮሪደር ልማቱ ከተማችን መልኳ እየተቀየረ ነው፤ አዌቱ ዳር መራመድ መቻላችንን እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ወንዝ ዳር ሁሉ አጭር ሣርና ድንጋይ ብቻ ከሆነ የሚቀረን ወፍ ዝይና ቁራ ነው። ከዚያ በኋላ "እግረኛ መንገዱን በኩስ ሞሉት" የሚል ቅሬታ ይመጣል፤ እሱንም እናንተው ትሰሙታላችሁ። በየመሀሉ ቄጠማው እንደልቡ ያደገበት፣ ሰው የማይረግጠው ቦታ ተዉ። አትክልተኛው "ያልተሠራ" መስሎት እንዳያጭደው ሰሌዳ ትከሉበት።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይህ ነው። የቦዬና የኪቶ ረግረግ ወሰን በካርታና በመሬት ላይ በችካል ይታወቅ፤ ከችካሉ ውስጥ አዲስ የጡብ ጉድጓድ፣ አዲስ ባህር ዛፍ፣ የግንባታ አፈር መድፊያ አይፈቀድ። ጡብ ሠሪዎቹን ግን በባዶ እጅ አታስነሷቸው፤ ጭቃ ያለበት ሌላ መሬት ፈልጉላቸው፣ የተውትን ጉድጓድ ደግሞ ከእነሱ ጋር አብራችሁ ድፈኑ። የመድፈኑን ሥራ እየተከፈላቸው እነሱው ቢሠሩት ከማንም ይበልጥ ያውቁበታል።

ቆጠራው ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየዓመቱ ጥር ላይ በመላው አፍሪካ የውሃ ወፎች ይቆጠራሉ። በአገራችን በዚህ የቆየ ልምድ ያለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ጉያችን ውስጥ አለ፤ ተመራማሪዎቹና ተማሪዎቹ በእነዚህ ረግረጎች ውሃ፣ ነፍሳትና ወፎች ላይ ብዙ ሠርተዋል። የቴክኖሎጂ ግቢው ራሱ ያለው ኪቶ ፉርዲሳ ነው፤ ከመማሪያ ክፍሉ ወጥቶ ረግረግ ለመድረስ ባጃጅ እንኳ አያስፈልግም። የጎደለው ጥናት አይደለም። የጎደለው ጥናቱን ተቀብሎ የመሬት አስተዳደር ካርታው አጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ዝይ ብቻ አይቆጠር፤ ክሬን፣ ከአውሮፓ ለክረምታቸው ወደ እኛ የሚመጡት ዳክዬዎች፣ ቦዬ ያሉት ጉማሬዎችም ጭምር ይቆጠሩ። ውጤቱ ቢሮ ውስጥ አይቅር። የዓለም የረግረግ ቀን ጥር 25 ገደማ ላይ ይውላል፤ በዚያ ቀን ከንግግሩ ይልቅ ቁጥሩ ይነበብልን።

ለጅማ ሰውም አንድ ነገር። ዝዮቹን ፎቶ አንሱ፣ ደስ ይበላችሁ፤ ግን ዳቦና በቆሎ አትወርውሩላቸው። ሰው ያላመደው ወፍ ሰው የሚያበላው ቦታ ላይ ይከማቻል፤ በሽታ የሚዛመተውም እንዲህ ሲታጨቁ ነው። የሞተ ወፍ ካያችሁ በእጃችሁ አትንኩ፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ፎቶ ስትለጥፉ ደግሞ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። "ጅማ" ብቻ ካላችሁ ለቆጣሪ አይጠቅምም፤ "ቦዬ፣ ከመንገዱ በስተቀኝ፣ ጠዋት" ካላችሁ ግን መረጃ ሆነ።

መልስ በደብዳቤ እንድትልኩልኝ አልጠብቅም። የረግረጉ ወሰን መቼ እንደሚከለልና በጥር የሚደረገውን ቆጠራ የትኛው ክፍላችሁ እንደሚያስተባብር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ብትለጥፉ ሌሎችም ያነቡታል። ለቆጠራው ሰው ካጠራችሁ እኔን ጨምሩኝ፤ ጎረቤቶቼንም ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጅማ ነዋሪ